ቦዬ ላይ የተደፋው አፈር፣ የተዘጋችው መንገድና ሌሎችም፦ ከጅማ ባልና ሚስት ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ፣ በጅማና በዙሪያዋ የተፈጥሮ ጥበቃ፣ የጽዳት፣ የቱሪዝምና የጸጥታ ሥራ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች በሙሉ

ግልባጭ፦ ለጅማ ሰው

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ባልና ሚስት ነን። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለቤቴ እንጨት ሠራተኛ ነው፤ ባለ ሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ ያወጣል። ሁለታችንም እዚሁ ተወልደን እዚሁ አደግን። ደብዳቤው ግን የእኛ ብቻ አይደለም። እንደ እኛ ክረምት በመጣ ቁጥር ከከተማ ወጣ እያሉ ወፍና የዱር እንስሳ የሚያዩ ሌሎች አምስት ጥንዶች አሉ። አንዱ ባጃጅ ይነዳል። አንዷ ሆስፒታል ትሠራለች። አንድ ጡረተኛ አባትም ከባለቤታቸው ጋር ይመጣሉ። የተመዘገበ ማኅበር የለንም። እሑድ ጠዋት ቦቲ አድርገን፣ ዣንጥላና ፔርሙዝ ይዘን የምንገናኝ ሰዎች ነን።

"በክረምት ደግሞ ምን ሽርሽር አለ?" የሚለን ሰው ብዙ ነው። ጅማን የሚያውቅ ግን ይገባዋል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚጥልባት ከተማ ናት፤ ዝናቡ እስኪያባራ ቤት እንቀመጥ ካልን ዓመቱ ያልቃል። ለእኔ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው። ለእሱም እንጨቱ አልደርቅ ብሎ ሥራው የሚቀዘቅዘው በክረምት ነው። ከተጋባን 9 ዓመታችን ነው፣ ዘጠኙንም ክረምት እንዲህ አሳለፍን። ሌላ ከተማ ሄደን ሆቴል የምናርፍበት ገንዘብ ኖሮን አያውቅም። ባጃጅ ተሳፍረን ከከተማው ዳር ወዳለው የቦዬ ረግረግ መውረድ፣ በእግራችን ጅሬን ኮረብታ መውጣት፣ ሲሞላልን ደግሞ በቦንጋ መንገድ በሚኒባስ በለጠ ጫካ መድረስ ግን እንችላለን። ትዳራችን ውስጥ ጥሩ ጊዜ የምንለው አብዛኛው እዚያ ያለፈ ነው።

ለመጻፍ ያበቃን ነገር የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። እንደ ልማዳችን ጠዋት ቦዬ ደረስን። ከዋናው መንገድ ወደ ውሃው የምንወርድባት ቀጭን የእግር መንገድ አለች፤ ከብት የሚነዱ ልጆችም፣ ሣር የሚያጭዱ እናቶችም የሚሄዱባት። የለችም። በቦታዋ የቁፋሮ አፈር ተቆልሏል። አፈሩ ውስጥ የተሰበረ ሴራሚክ፣ የሲሚንቶ ከረጢትና ፌስታል አለበት። እኛ ቆመን ስናይ ሌላ ገልባጭ መጥቶ ደፋና ሄደ። ሾፌሩን "ማን ፈቀደላችሁ?" አልነው። "ድፋ የተባልኩበት ነው የምደፋው" አለን። እውነቱን ነው፣ እሱ ምን ያድርግ።

በማግስቱ ሰኞ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። የእኛ ሥራ አይደለም፣ እነ እገሌ ጋ ሂዱ ተባልን። እነሱ ጋ ስንሄድ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ሐሙስ ተመለስን። በጽሑፍ አቅርቡ ተባልን። ባለቤቴ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ በእጁ ሁለት ገጽ ጻፈ፣ የአፈሩንም ፎቶ አሳትመን አያያዝን። ዓርብ ይዘን ስንሄድ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ማህተም የሌለው ደብዳቤ አንቀበልም አለች። ከግለሰብ ከሆነ በቀበሌ በኩል ይምጣ አለች። ቀበሌ ደግሞ ጉዳዩ የመሬት ስለሆነ አይመለከተንም አሉ። እንዲህ እያለ ጳጉሜን ደረሰ፣ ትምህርት ተከፈተ። አፈሩ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ሣር በቅሎበታል። ስለዚህ ለሁላችሁም በግልጽ ጻፍን።

እስቲ መጀመሪያ ቦዬ ላይ ምን እንዳለ እንንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱና ስትመለሱ በመኪና መስኮት ታዩታላችሁ እንጂ ወርዳችሁ አይታችሁት የምታውቁ አይመስለንም።

ራሷ ላይ የወርቅ ክር የመሰለ አክሊል ያላት፣ አንገቷ ረጅም፣ ጥቁር ወፍ አለች። ጉንጯ ላይ ነጭና ቀይ አለባት። ከክሬን ወገን ናት። በዓለም ላይ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ ነች። ወንዱና ሴቷ ፊት ለፊት ቆመው ክንፋቸውን ዘርግተው ይዘላሉ፣ አንገታቸውን ይሰብቃሉ፣ ጭፈራ ነው በቃ። መጀመሪያ ያየነው ዕለት ባለቤቴ ጮክ ብሎ ሳቀ፣ እኔ ደግሞ እንባዬ መጣ። ጎጆዋን የምትሠራው በክረምት፣ ውሃ በተኛበት ረግረግ መሃል ሣር ከምራ ነው። ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ትጥላለች። አንድ ወር ገደማ ሁለቱም በየተራ ይታቀፋሉ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው "ወንዱም?" ይሉኛል። አዎ፣ ወንዱም።

ቡናማ የሆነች፣ ጭራዋን ብድግ ባደረገች ቁጥር ሥሩ ነጩ ብልጭ የሚል ትንሽ የረግረግ ወፍም አለች። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ የትም የለችም። ጋጋኖም እንደዚያው፣ እኛና ኤርትራ ብቻ ነን ያለን። ጠዋት ተነስተው ሲጮሁ ሰፈር ሙሉ የሚቀሰቅሱት እነዚህ ወፎች ሌላ አገር ቢሆኑ ሰው በአውሮፕላን ሄዶ ያያቸው ነበር። በአውሮፕላን የሚመጣም አለ። መስከረም ሲጠባ ከአውሮፓ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ይጨመራሉ፣ ያኔ ረግረጉ ሌላ መልክ ይይዛል።

ከዚያ ጉማሬው አለ።

ከተማ ዳር፣ የመኪና ጡሩምባ በሚሰማበት ቦታ፣ ጉማሬ ያለው ስንት ከተማ ታውቃላችሁ? ጠዋት ጭጋጉ ሲገፈፍ መጀመሪያ ጆሮው ይታያል። ከዚያ አይኑ። ከዚያ ፉፍ ይልና ይሰምጣል። እኛ ራቅ ብለን፣ ዛፍ ተደግፈን ነው የምናየው፤ ጉማሬ ሰው ይገድላል፣ ቀልድ አያውቅም። በእሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው አደጋ ላይ ነው። ይህን የሚያስጠነቅቅ አንድ ሰሌዳ እዚያ አይተን አናውቅም። በማንኛውም ቋንቋ። ባለፈው ክረምት ሕፃናት ጫፉ ላይ ቆመው ድንጋይ ይወረውሩበት ነበር። ባለቤቴ ሮጦ ሄዶ አስቆማቸው። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ የነገራቸው ስለሌለ ነው። አንድ ቀን ግን አንዱ ልጅ ይሞታል። ያን ጊዜ ጉማሬው ይገደላል፣ ጉዳዩም በዚያው ያበቃል። ይህ ሳይሆን ነው የምንለምነው።

የገበሬውንም እንበል፣ እሱን ትተን ስለ እንስሳ ብቻ ብንጽፍ ግፍ ነው። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ የሚውለው ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ነው። ሲመሽ ይወጣና ሣር ይግጣል፤ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ሊበላ ይችላል። ሣሩ ታርሶ በቆሎ ሲሆን በቆሎውን ይበላል። ረግረጉ ዳር የሚያርሱ አንድ አባት አሉ። በየክረምቱ እሸት ያቀምሱናል፣ እኛም ስኳርና ቡና ይዘን እንሄዳለን። ነሐሴን ሙሉ ሌሊት አይተኙም፣ ማማ ላይ ናቸው። እሳት አንድደው ቆርቆሮ ይደበድባሉ። "አባ፣ እንዴት ከረሙ?" አልናቸው ባለፈው። "ልጆቼ፣ ሮቢው ጠላቴ አይደለም" አሉን፤ በኦሮምኛ ጉማሬን ነው። "ቤቱ ድረስ የሄድኩት እኔ ነኝ። ግን እኔስ የት ልሂድ?" ለዚህ ጥያቄ እኛ መልስ የለንም። እናንተ ግን ሊኖራችሁ ይገባል። የረግረጉ ድንበር የት ጋ እንደሚያልቅ ምልክት የለውም። ስለሌለው በየዓመቱ አንድ ትልም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከአንድ ጎን ማሳ፣ ከሌላው ባሕር ዛፍ፣ ከሌላው ደግሞ ለጡብ የሚቆፈር ጉድጓድ። አሁን ደግሞ ገልባጩ። ጡብ የሚሠሩት ልጆችም እንጀራቸው ነው፣ ያንን እናውቃለን። ቦታ ይሰጣቸው እንጂ ይባረሩ አላልንም።

ቆሻሻው ላይ እንምጣ። የአዌቱ ወንዝ ጅማን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። እኛ ልጆች ሳለን ዋኝተንበታል። ዛሬ ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች እዩ። የጫት ገረባ፣ ፌስታል፣ የውሃ ኮዳ፣ የሞተ ውሻ። ሌሊት ዝናብ ሲጥል ይህ ሁሉ ተጠራርጎ ይወርዳል፣ የሚወርደውም ወደ ቦዬ ነው። ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል፤ 184 ሜጋ ዋት ለሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ውሃ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። በመካከል ያለው ረግረግ እንደ ማጥለያ ነው። ሣሩና ቄጠማው ውሃውን ያዘገየዋል፣ ደለሉን ያስቀረዋል፣ ቆሻሻውን ይይዛል። ማጥለያውን አፈር ከደፋንበት ደለሉ ግድቡ ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው። ስለዚህ ይህ የወፍ ወዳዶች ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ አምፖል የሚያበራ ሁሉ ጉዳይ ነው። ባለፈው ሰኔ ከዝናብ በኋላ አንዲት ዳክዬ ምንቃሯ የፌስታል ማንጠልጠያ ውስጥ ገብቶባት ስትታገል አየናት። ልንደርስላት አልቻልንም፣ ጭቃው ወገብ ድረስ ያሰምጣል። የፌስታል ክልከላ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ገበያ ውስጥ ግን ዛሬም ሁለት ሎሚ ስትገዙ በፌስታል ነው። ይህ የእናንተ ብቻ ጥፋት አይደለም። ግልባጩን ለጅማ ሰው ያደረግነውም ለዚህ ነው፤ ፌስታሉን ከድልድይ ላይ የሚወረውረው ኃላፊ አይደለም፣ እኛ ነን።

የችግኙ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ከሁለት ክረምት በፊት አንድ ተቋም ሠራተኞቹን በአውቶቡስ ጭኖ መጥቶ አክሊል ያላት ወፍ ጎጆ በምትሠራበት ረግረግ ላይ ችግኝ ተከለ። ዘፈን ነበር፣ ቲሸርት ነበር፣ ሁለት መቶ ሰው ይሆናል ያንን ሣር ሲረግጠው የዋለ። እኛ ችግኝ መትከል የምንጠላ ሰዎች አይደለንም። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየዓመቱ ተክለናል፣ ባለቤቴማ ኑሮው ከዛፍ ነው፤ አንድ ዋንዛ ከቆረጠ ሁለት ካልተከለ እንቅልፍ አይወስደውም። ግን ረግረግ ጫካ አይደለም። ባዶ ሜዳ መስሎ የታያችሁ ቦታ ባዶ አይደለም። የተተከሉት ችግኞች አብዛኞቹ ውሃ ውስጥ በስብሰው ሞቱ። በዚያ ዓመት የወፏን ጫጩት አላየንም። ያለፈውን ክረምት ሙሉ ስንመላለስ ያየነው አንድ ጥንድ ብቻ ነው።

አሁን ስለ እኛ ስለ ሰዎቹ። ይህን መጻፍ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ካልተጻፈ አይታወቅም።

ሁለተኛው ትልቁ ቅሬታችን በገዛ አገራችን እንደ ተጠርጣሪ መታየታችን ነው። ባለቤቴ አንድ አሮጌ ባይኖኩላር አለው። ሁለት በርጩማ ሸጦ የገዛው ነው። በ2016 ክረምት ከከተማው ብዙም ሳንርቅ ዛፍ ላይ የተቀመጠች ወፍ እያየን ሳለ የጸጥታ ሰዎች መጡ። ምን ታያላችሁ? ወፍ። የት አለች? ሄደች። ጡረተኛው አባት መታወቂያቸውን አሳዩ፣ እኔ የመምህርነት መታወቂያዬን አሳየሁ። አልሆነም። ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። ስልኬ ተፈተሸ፤ ውስጡ ያለው የጉሬዛ ፎቶ፣ የእንጉዳይ ፎቶ፣ የባለቤቴ ቦቲ ጭቃ ውስጥ የቀረበት ዕለት ፎቶ ነው። በመጨረሻ በሰላም ለቀቁን፣ አንደኛው እንዲያውም ይቅርታ ጠየቀን። ልጆቹን አንወቅስም፣ ጊዜው ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ እናውቃለን። ግን ወፍ ለማየት የሚወጣ ሰው እንዳለ የነገራቸው የለም። ፈረንጅ ባይኖኩላር ቢይዝ ቱሪስት ነው፤ ጅማ የተወለደ እንጨት ሠራተኛ ሲይዘው ሰላይ ነው?

ከእኛ መካከል የተጫጩ ልጆች ነበሩ። ገና አልተጋቡም። ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ዳቦ ሲበሉ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጣና ሁለታችሁ እዚህ ቁጥቋጦ ውስጥ ምን ትሠራላችሁ ብሎ ልጅቷን በማይሆን ቃል ተናገራት። ሰው ሰበሰበባት። ልጅቷ እያለቀሰች ሄደች። ይኸው ሁለት ዓመት፣ አልተመለሰችም። እኔ መምህርት ነኝ፣ ለሴት ተማሪዎቼ ወጣ በሉ፣ ተፈጥሮን እዩ፣ አጥኑ እላቸዋለሁ። እንዲህ ከሆነ ምን ልበላቸው?

ገንዘቡም አለ። ከከተማ ወጣ ያለ አንድ ቦታ ስንደርስ በሰው 200 ብር ክፈሉ ተባልን። ለምን እንደሆነ የተለጠፈ ነገር የለም። እንክፈል፣ ግን ደረሰኝ ስጡን አልን። ለአገር ሰው ደረሰኝ የለም ተባልን። በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ሰው ቆሞ 300 አለን። መክፈል አንጠላም። ብሩ ጫካውን ለሚጠብቁት ሰዎች የሚደርስ ቢሆን ደስ ብሎን ነው የምንከፍለው። እንዲህ ከሆነ ግን የት እንደሚገባ ማንም አያውቅም።

በለጠን አንስተን ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ከጅማ በቦንጋ መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ ሙቀቱ ይለወጣል፣ መንገዱ ጥላ ይሆናል። ከበለጠ ጌራ ደን ደርሳችኋል ማለት ነው። ቀረሮ፣ ጥቁር እንጨት፣ ብሳና፣ ዋንዛ። ባለቤቴ ዛፉን በእጁ መታ መታ እያደረገ ዕድሜውን ይገምታል። ጉሬዛዎቹ ከላይ ያዩናል። ግልገላቸው ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ እንደሆነ፣ ጥቁሩ ከወራት በኋላ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? እኔ በመጽሐፍ ነበር የማውቀው፣ እዚያ ነው በዓይኔ ያየሁት። በእናቱ ጥቁር ደረት ላይ የተለጠፈ ጥጥ ይመስላል።

የእኛ ወፍ የምንለው ግን ሌላ ነው። የኤርኩም ዘመድ የሆነ፣ ዛፍ ላይ የሚኖር፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበ የሚመስል ትልቅ ወፍ አለ። ሲበር ክንፉ ከሩቅ ይሰማል። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል ያረጀ ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ትገባለች። ከዚያ የፍልፍሉ አፍ በጭቃ ይደፈናል፣ የምትቀረው ምንቃር የምታወጣበት ቀዳዳ ብቻ ነች። ወንዱ ቀኑን ሙሉ ፍሬ እየለቀመ፣ በጉሮሮው ይዞ እየመጣ፣ በዚያች ቀዳዳ ያጎርሳታል። ወር ሁለት ወር አይደለም፣ ከዚያም በላይ። እሱ አንድ ነገር ከሆነ እሷም ጫጩቷም አደጋ ላይ ይወድቃሉ። እኛ እንደዚህ ያለ አንድ ዛፍ ነበረን። የእኛ ነው ስንል የያዝነው አይደለም፣ በየዓመቱ ሄደን ከሩቅ ቁጭ ብለን እሱ ሲመላለስ የምናይበት ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን የሞተብን ዓመት ሌላ የትም መሄድ አቅቶን ሳለ እዚያ ዛፍ ሥር ሄደን ሙሉ ቀን ተቀምጠናል።

ባለፈው ነሐሴ ስንደርስ ጉቶ ነው። ማን እንደቆረጠው አናውቅም፣ ማንንም ጣት አንቀስርም። ባለቤቴ ጉቶውን ዳሰሰው። "ውስጡ ባዶ ነው እኮ" አለ። "ለጣውላ አይሆን፣ ለበርጩማ አይሆን። ለምንም የማይሆን ዛፍ ነው የቆረጡት።" እንጨት ሠራተኛ ነው፣ ያውቀዋል። ፍልፍል ያለው ዛፍ ለሰው እምብዛም አይጠቅምም። ለዚያ ወፍ ግን ቤት ማለት ያ ብቻ ነው፣ አዲስ የተተከለ ችግኝ ፍልፍል የሚኖረው የልጅ ልጆቻችን ካረጁ በኋላ ነው።

የሚያሳዝነው እዚያ አካባቢ ጥሩ ሥራ ተሠርቶ መቆየቱ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ የአካባቢው ሰው ዋቡብ በሚባሉ የደን አስተዳደር ማኅበራት ተደራጅቶ ጫካውን እንዲጠብቅ፣ በምላሹም ቡናውንና ማሩን እንዲጠቀም ተደርጓል። የጫካ ቡናቸውም በዓለም ገበያ የምስክር ወረቀት ያገኘ ነው። አንድ የዋቡብ አባል የሆነ ወጣት መንገድ ሲያሳየን ውሎ ገንዘብ ስንሰጠው አልቀበልም ብሎ ነበር፤ "እንግዳ ናችሁ" ብሎ። ይህ ልጅ በደንብ ሠልጥኖ፣ ባጅ አድርጎ፣ ደረሰኝ እየቆረጠ ቢያስጎበኘን ምን ነበረበት?

እንግዲህ የምንጠይቀውን እንበል።

ቦዬ ላይ የተደፋው አፈር ከሚመጣው ሰኔ በፊት ይነሳ። የእግር መንገዷም ትከፈት፤ አስፋልት አይደረግ፣ አጥር አይታጠር፣ ሎጅ አይሠራበት፣ እንደነበረች ትመለስ። ገልባጮች አፈር የሚደፉበት ሌላ ቦታ በግልጽ ይነገራቸው፣ ረግረግ ላይ የሚደፋም ይቀጣ። ስለ ብክለት የወጣው አዋጅ ቁጥር 300/1995 አዲስ አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል።

የረግረጉ ድንበር ዳር ከሚያርሱት ገበሬዎች ጋር ተቀምጣችሁ፣ ተማክራችሁ፣ በድንጋይ ይለይ። ሳይማከሩ የሚደረግ ከሆነ አይደረግ። ቀደም ሲል የነገርናችሁ አባት ጥሩ ምክር አላቸው፣ ጠይቋቸው። እህላቸው በጉማሬ ለሚበላባቸውም አንድ ነገር ይታሰብላቸው።

የጉማሬ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ማንበብ ለማይችልም በሥዕል ይተከል። የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ለልጆቹ ያስተምሩ። እኔ በነፃ እሄዳለሁ፣ የፈለጋችሁት ቀን።

አዌቱ ላይ ቆሻሻውን የሚያስቀር የብረት ወንፊት ድልድዮቹ ሥር ይደረግ፣ በየሳምንቱም ይጽዳ። ከከተማው የእንጨትና የብረት ሠራተኞች ውስጥ በጉልበታቸው ሊያግዙ ፈቃደኛ የሆኑ አሉ፣ ባለቤቴ አነጋግሯቸዋል።

ከሰኔ እስከ ጥቅምት ረግረግ ላይ ችግኝ ተከላም ሆነ ሰው የሚሰበሰብበት ዝግጅት አይደረግ። ችግኝ የሚያስፈልጋቸው የተራቆቱ ኮረብቶች ሞልተዋል።

በለጠ ውስጥ ፍልፍል ያላቸው አሮጌ ዛፎች ከዋቡብ አባላት ጋር ተቆጥረው ቀለም ይቀቡ፣ የተቀባውንም ማንም አይንካው። መግቢያ ክፍያ ካለ ዋጋው ይለጠፍ፣ ደረሰኝ ይኑር፣ ከገንዘቡም ለጠባቂዎቹ ይድረስ።

ለጸጥታና ለጥበቃ ሠራተኞች ደግሞ ወፍ የሚያዩ ሰዎች እንዳሉ፣ ባይኖኩላር መያዝ ወንጀል እንዳልሆነ ይነገራቸው። አስፈላጊ ከሆነ ስማችንን ተመዝግበን ወረቀት እንያዝ፣ ለዚያ ፈቃደኞች ነን። ሴት ልጅን ዛፍ ሥር ስለተቀመጠች ብቻ የሚያዋርድ ደግሞ ይጠየቅ።

በመጨረሻም ደብዳቤ ለማስገባት ማህተም መጠየቅ ይቅር። ስማችንን፣ ፊርማችንንና መታወቂያችንን ይዘን በአካል መጥተን ነበር።

9 ክረምት ያየነውን፣ የትኛው ወፍ በየትኛው ቀን የት ቦታ እንደታየ የጻፍንባቸው አራት ደብተሮች አሉን። ዝናብ ያበሰበሰው ገጽ አለ፣ ግን ይነበባል። ለሚሠራበት ሰው ፎቶ ኮፒ አድርገን እንሰጣለን። በክረምት እሑድ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቦዬ አለን። ወደዚያ የሚወርድ ኃላፊ ካለ ቦቲ ይዞ ይምጣ፣ ሻይ እኛ እንይዛለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የባዮሎጂ መምህርት እና የእንጨት ሠራተኛ፣ ባልና ሚስት
ከሌሎች አምስት የክረምት ተጓዥ ጥንዶች ጋር
ጅማ